ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ያሉት ሦስት ዓመታት



የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በሰሜን ለንደን በሰቨን ሲስተርስ፣ በቶተንሃምና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚያተኩረውም አንድ ተማሪ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ሲማር እንደ አገሬው ተማሪ ወይም እንደ ውጭ አገር ተማሪ እንዲከፍል የሚወሰነው በምን መሠረት እንደሆነ፣ የውጭ አገር ክፍያ የተጠየቀ ተማሪስ ምን መንገድ እንዳለው በማስረዳት ላይ ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ከሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ በቪክቶሪያ መስመር ባቡር የተሳፈረ ተማሪ ሃይበሪ ኤንድ ኢዝሊንግተን ላይ ቢወርድ በሆሎዌይ ሮድ ወደሚገኘው ለንደን ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ዋረን ስትሪት ላይ ቢወርድ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። በርቀት ረገድ ለአካባቢው ልጆች ከፍተኛ ትምህርት ደጃፋቸው ላይ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ክፍል አብረው ተምረው፣ አንድ ዓይነት ውጤት አምጥተውና ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተጠርተው ሳለ ግን አንዱ ተማሪ ከኪሱ ምንም ሳያወጣ ትምህርቱን የሚጀምርበት፣ ሌላው ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ በየዓመቱ አምጣ የሚባልበት ሁኔታ አለ። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው የክፍያ ደረጃ የሚባለው የሕግ ፍረጃ ነው።

የክፍያ ደረጃ ማለት ዩኒቨርሲቲው እያንዳንዱን አመልካች ‹‹ሆም›› ወይም ‹‹ኦቨርሲስ››፣ ይኸውም የአገር ውስጥ ወይም የውጭ ተማሪ ብሎ የሚመድብበት ውሳኔ ነው። በ2025/26 የትምህርት ዘመን በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ዲግሪ በሙሉ ጊዜ የሚማር የአገር ውስጥ ተማሪ ሊጠየቅ የሚችለው ከፍተኛው ዓመታዊ ክፍያ 9,535 ፓውንድ ሲሆን፣ ከዚህ በላይ ማስከፈል በሕግ አይፈቀድም። ለውጭ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ ስለሌለ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ በብዙ የትምህርት ዘርፎች ክፍያው በዓመት ከ20,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን፣ በሕክምና ከ40,000 ፓውንድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ለማነጻጸር ያህል የውጭ ተማሪው ክፍያ በዓመት 25,000 ፓውንድ ነው ብንል፣ የሦስት ዓመት ዲግሪ ለአገር ውስጥ ተማሪ 28,605 ፓውንድ፣ ለውጭ ተማሪ ደግሞ 75,000 ፓውንድ ይፈጃል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 46,395 ፓውንድ ይሆናል።

ይሁንና የገንዘቡ መጠን የልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ ደረጃ ያገኘ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን በሙሉ ‹‹ስቱደንት ፋይናንስ ኢንግላንድ›› ከሚባለው የመንግሥት ተቋም ይበደራል፤ ገንዘቡም በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስለሚተላለፍ ቤተሰቡ በትምህርቱ ጊዜ የሚያዋጣው አይኖርም። የውጭ ተማሪ ተብሎ የተመደበው ይህ ብድር ስለማይፈቀድለት ትልቁን ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ወይም በስኮላርሺፕ መሸፈን ይኖርበታል። ስለዚህ በጽዳት፣ በአውቶቡስ ሾፌርነት፣ በሆቴል ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ የክፍያ ደረጃ ልጁ ይማራል ወይስ አይማርም የሚለውን ጥያቄ እስከ መወሰን ይደርሳል።

ይህ አሠራር ከመቼ ጀምሮ እንደመጣ ባጭሩ ማየት ይጠቅማል። በ1962 የወጣው የትምህርት ሕግ የአካባቢ ካውንስሎች በአካባቢያቸው ለሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍያና የመኖሪያ ድጎማ እንዲሰጡ ያስገድድ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የአገሩ ተማሪ ትምህርቱን የሚከታተለው በነጻ ነበር ማለት ይቻላል። በ1967 ለውጭ ተማሪዎች ከፍ ያለ ክፍያ ተደነገገ፤ በ1980 ደግሞ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት አዲስ የሚገቡ የውጭ ተማሪዎች የትምህርታቸውን ሙሉ ወጪ እንዲሸፍኑ አደረገ። የአገሩ ተማሪም ነጻነቱ አልቀጠለም፤ በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ፣ በ2006 እስከ 3,000 ፓውንድ፣ በ2012 እስከ 9,000 ፓውንድ፣ በ2017 እስከ 9,250 ፓውንድ እያለ በ2025 ወደ 9,535 ፓውንድ ደረሰ። የአገር ውስጥ ክፍያ በሕግ ተገድቦ ወጪው ግን በየጊዜው እየናረ በመሄዱ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጀታቸውን የሚያሟሉት ከውጭ ተማሪዎች በሚሰበስቡት ገቢ ሆኗል፤ የክፍያ ደረጃ ማስረጃ በጥብቅ የሚመረመርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን ሕጉ ‹‹የአገር ውስጥ ተማሪ›› የሚለው ማንን እንደሆነ እንመልከት። በእንግሊዝ ጉዳዩን የሚገዛው በ2007 የወጣውና ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የተሻሻለው የክፍያና የድጋፍ ደንብ ሲሆን፣ በመደበኛው መንገድ ሁለት ነገሮች ተሟልተው እንዲገኙ ይጠይቃል። አንደኛው የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ነው፤ ተማሪው የብሪታንያ ዜጋ መሆን ወይም በማኅበረሰባችን ዘንድ ባጭሩ ‹‹ኢንደፊኒት›› የሚባለው የጊዜ ገደብ የሌለው የመኖሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ነዋሪነት ነው፤ ኮርሱ ከሚጀመርበት የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታት ተማሪው በመደበኛነት በብሪታንያ ኖሮ መገኘት አለበት። በመጸው ለሚጀመሩ ኮርሶች ያ ቀን ሴፕቴምበር 1 ነው። በዚህም ምክንያት በ2027 መጸው ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ ሕጉ የሚመዝነው ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የኖረውን ኑሮ ነው፤ ማለትም የክፍያው ውሳኔ መሠረት የሚጣለው ልጁ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስብ ሰው በቤቱ ሳይኖር ነው።

‹‹በመደበኛነት መኖር›› የሚለው አነጋገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ መጥተው ለዓመታት በብሪታንያ የተማሩ ወጣቶች የካውንስል ድጎማ ሲከለከሉ ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱ፤ ከተከሳሾቹም አንዱ በሰሜን ለንደን የሚገኘው የባርኔት ካውንስል ነበር። የጌቶች ምክር ቤት የዳኝነት ችሎት በዲሴምበር 1982 በሰጠው ውሳኔ ሎርድ ስካርማን እንዳብራሩት፣ አንድ ሰው በፈቃዱና ለታወቀ ዓላማ መጥቶ፣ ለጊዜውም ቢሆን የዘወትር ኑሮውን በአንድ ቦታ ካደረገና አኗኗሩም ሕጋዊ ከሆነ በዚያ ቦታ በመደበኛነት ይኖራል ማለት ነው፤ ለዘለዓለም ለመቅረት ማሰቡ አይጠየቅም። መንግሥት በተከታዩ ዓመት ደንቡን አሻሽሎ በዋናነት ለሙሉ ጊዜ ትምህርት ሲባል የተኖረ ጊዜ እንዳይቆጠር ቢያደርግም፣ የፍርድ ቤቱ ትርጓሜ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። በተማሪ ቪዛ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ብሪታንያ ውስጥ ሦስት ዓመት ስለተማረ ብቻ የአገር ውስጥ ተማሪ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ከዚህ የመነጨ ነው።

እነዚህ ሁለት መስፈርቶች በየቤተሰቡ ላይ የሚያርፉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያውያን መካከል ዘወትር የሚያጋጥሙትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የጥገኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ፣ በተለምዶ ‹‹ሪፊውጂ ስታተስ›› የተሰጠው ሰው ነው። ሕጉ ስደተኛን ከሦስት ዓመቱ የነዋሪነት መስፈርት ነጻ ስለሚያደርገው፣ ስታተሱን ካገኘ ወዲህ ኑሮውን በብሪታንያ እስካደረገ ድረስ በአገር ውስጥ ክፍያ መማርና ብድርም መጠየቅ ይችላል። ይኸው መብት ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹም ይደርሳል፤ ልጁ ግን ወላጁ ጥገኝነት በጠየቀበት ቀን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የነበረ መሆን ይኖርበታል። ጥያቄው ገና የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሚወስነው መሥሪያ ቤት በሆም ኦፊስ እጅ ላለ ሰው ሁኔታው የተለየ ነው፤ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ የመንግሥት ብድር የማይሰጠው ከመሆኑም በላይ በደንቡ መሠረት የሚመደበው ከውጭ ተማሪዎች ጋር ነው። ትምህርት ከጀመረ በኋላ ስደተኛነቱ የታወቀለት ተማሪ ግን ለቀጣዩ የትምህርት ዓመት ደረጃው እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ስለሚችል፣ የውሳኔው ደብዳቤ እንደደረሰው ለዩኒቨርሲቲው ሊያሳውቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ብዙ ቤተሰቦችን ሳያስቡት የሚይዝ ነው። ለንደን ተወልዶ የብሪታንያ ፓስፖርት ይዞ፣ ቋንቋውንና ባህሉን እንዲያውቅ ወይም ከመጥፎ ጓደኛ እንዲርቅ ተብሎ አዲስ አበባ ከአያቶቹ ዘንድ የሚላክ ልጅ አለ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያ ጨርሶ ሲመለስ ወላጆቹ ዜግነቱ ይበቃዋል ብለው ይተማመናሉ። ፓስፖርቱ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላለታል፤ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ግን የዘወትር ኑሮው አዲስ አበባ ስለነበር በሁለተኛው መስፈርት ሊወድቅ ይችላል። ለበጋ ዕረፍት ወይም ለቤተ ዘመድ ሰርግ ሄዶ መመለስ ነዋሪነትን አያቋርጥም፤ ተማሪው ራሱ ወይም ወላጁ ለጊዜያዊ ሥራ ውጭ አገር በመሄዱ የተፈጠረ መራቅም በደንቡ የታወቀ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ዓመታትን በአዲስ አበባ ማሳለፍ ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር አይመደብም። ልጅን ወደ አገር ቤት መላክ የወላጅ መብትና ብዙ ጊዜም የሚያስመሰግን ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ከአሥራ አምስት ዓመቱ በፊት ቢመለስ ይህ ችግር እንደማይገጥመው ማወቅ ለቤተሰቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያተርፍለታል።

ሦስተኛው በጣሊያን፣ በኔዘርላንድ፣ በስዊድን ወይም በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት አግኝቶ በኋላ ወደ ለንደን የተሻገረ ቤተሰብ ነው። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሚጀመሩ ኮርሶች አዲስ የሚመጡ የኅብረቱ ዜጎች በአገር ውስጥ ክፍያ የመማር መብታቸው ቀርቷል። እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ በብሪታንያ መኖር ጀምረው በተዘጋጀላቸው ሥርዓት የተመዘገቡት ግን መብታቸው ተጠብቆላቸዋል። ከእነርሱም ‹‹ሴትልድ›› የሚባለውን ሙሉ ፈቃድ የያዘ ተማሪ በመደበኛው መንገድ ይስተናገዳል፤ ‹‹ፕሪ ሴትልድ›› የሚባለውን ጊዜያዊ ፈቃድ የያዘው ለክፍያው ብድር ብቁ ቢሆንም፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውን ብድር ለማግኘት እርሱ ወይም ቤተሰቡ በሥራ ላይ መሆናቸውን ወይም አምስት ዓመት መኖሩን እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይችላል።

አራተኛው የጊዜ ገደብ ያለው የመኖሪያ ፈቃድ፣ በተለምዶ ‹‹ሊሚትድ ሊቭ›› የሚባለው ያላቸው ወጣቶች ሁኔታ ሲሆን፣ በፍርድ ቤት ትልቅ ትግል የተደረገውም በእነርሱ ጉዳይ ነው። እነዚህ ወጣቶች በልጅነታቸው መጥተው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በብሪታንያ የተማሩ፣ ሌላ የሚያውቁት አገር የሌላቸው ሆነው ሳለ፣ ፈቃዳቸው ቋሚ ባለመሆኑ ብቻ ብድር ይከለከሉ ነበር። በዛምቢያ ተወልዳ በ2001 በስድስት ዓመቷ ወደ ብሪታንያ የመጣች፣ በትምህርቷም ጎበዝ የነበረች አንዲት ወጣት ኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ሰጥቷት ሳለ ብድር በመከልከሏ መንግሥትን ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁላይ 29 ቀን 2015 በሦስት ድምፅ ለሁለት ተፈረደላት፤ በወጣቷ ስም የቲጌሬ ጉዳይ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። ሌዲ ሄልን ጨምሮ አብላጫዎቹ ዳኞች ከአገሪቱ ጋር እውነተኛ ትስስር ያላትን ተማሪ በፈቃድ ዓይነት ብቻ ከብድር ማግለል የትምህርት መብትን ያለ አድልዎ የማግኘት መርህን እንደሚጥስ ወስነዋል፤ የሦስት ዓመት ሕጋዊ ነዋሪነት መጠየቁን ግን ተገቢ ነው ብለው አጽንተዋል።

መንግሥት ፍርዱን ተከትሎ በ2016 የረጅም ነዋሪነት መስፈርት የሚባለውን አወጣ። በዚህ መሠረት ኮርሱ በሚጀመርበት የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ቀን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ቢያንስ ሰባት ዓመት በብሪታንያ የኖረ፣ አሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ ቢያንስ የዕድሜውን ግማሽ ወይም ሃያ ዓመት የኖረ ከሆነ፣ ከሦስት ዓመቱ መደበኛ ነዋሪነት ጋር ተደምሮ የአገር ውስጥ ደረጃና ብድር ያገኛል። ይህ ማለት በዘጠኝ ዓመቱ የመጣ ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ግማሽ ዕድሜውን ስለሚደፍን ሊያልፍ ይችላል፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የመጣው ግን ሃያ አራት ዓመት እስኪሆነው መጠበቅ ይኖርበታል። ልጅ የሚመጣበትን ዕድሜ አይመርጥምና ይህ መስመር አሁንም ብዙ ወጣቶችን ያለ ጥፋታቸው ከበር ያስቀራል፤ ማሻሻያ ሊጠየቅበት የሚገባ ጉዳይ መሆኑም በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ወደ ብድሩ ስንመለስ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ዕዳ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ልጃቸውን ከትምህርት ወደ ሥራ የሚመልሱበት አጋጣሚ ስላለ አሠራሩን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ነው። ብድሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ለትምህርት ክፍያ፣ ሌላው ለኑሮ ወጪ የሚሰጥ ነው። በ2025/26 በለንደን ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ተማሪ ለኑሮው እስከ 13,762 ፓውንድ፣ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ደግሞ እስከ 8,877 ፓውንድ መበደር ይችላል፤ ሙሉው መጠን የሚሰጠው የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 25,000 ፓውንድና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ከኦገስት 2023 ወዲህ ኮርስ የጀመሩ ተማሪዎች መክፈል የሚጀምሩት ትምህርታቸውን አጠናቀው ገቢያቸው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ሲሆን፣ የሚቆረጠውም ከዚያ በላይ ካለው ገንዘብ 9 በመቶ ነው። በዓመት 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ተመራቂ ከወሰኑ በላይ ያለው ገቢ 5,000 ፓውንድ በመሆኑ በዓመት 450 ፓውንድ፣ በወር 37 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ብቻ ይከፍላል። ሥራ ከፈታ ወይም ገቢው ከወሰኑ ከወረደ ክፍያው ይቆማል፤ ከ40 ዓመት በኋላም የቀረው ዕዳ ይሰረዛል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያውያን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 91/1995፣ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ከደነገገ ወዲህ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እንዲመልስ ውል ይፈርማል። የሁለቱ አገሮች ሐሳብ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ክፍያው ከመማር በፊት የሚጠየቅ ሳይሆን ከትምህርቱ ፍሬ የሚነሳ ነው። የብሪታንያው ብድር ወለድ የሚታሰብበት በመሆኑ ግን ሃይማኖታቸው ወለድ የሚከለክላቸው ሙስሊም ተማሪዎች ከባድ ምርጫ ይገጥማቸዋል። በ2017 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ከወለድ ነጻ የሆነ አማራጭ ለማቅረብ የሚያስችል ሥልጣን ለመንግሥት የሰጠ ቢሆንም፣ አማራጩ ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም ዓመታት ለተማሪዎች አልቀረበም፤ የዚህ መዘግየት ሸክም ያረፈውም ባመኑበት ሃይማኖት ምክንያት ዕድሉን ባሳለፉት ወጣቶች ላይ ነው።

ነዋሪነትን መሠረት ያደረገ የክፍያ ልዩነት በሌሎች አገሮችም የታወቀ ነው። በብሪታንያ ውስጥ እንኳ ስኮትላንድ ነዋሪ ለሆኑ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ በመንግሥት ይሸፈናል፤ ከቶተንሃም ተነሥቶ ኤዲንብራ የሚገባ ተማሪ ግን እንደ እንግሊዝ ነዋሪ ይከፍላል፤ ለዚያም ከእንግሊዝ ብድር መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከግዛቱ ውጭ የመጣውን ተማሪ ከግዛቱ ነዋሪ አብልጠው ያስከፍላሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ በ2012 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸው ሆነው በግዛቷ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ወጣቶች የተወሰኑ መስፈርቶችን ሲያሟሉ፣ በቅድሚያም በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲያልፉ በግዛቷ ነዋሪ ክፍያ እንዲማሩ ተፈቅዷል። በለንደንም ሆነ በሜሪላንድ ክርክሩ ያረፈው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ በአንድ አገር ትምህርት ቤት ያደገን ልጅ ያ አገር የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል ወይስ አይቆጥረውም የሚል ነው።

የአገር ውስጥ ደረጃ ያላገኘ ተማሪ የሚሄድባቸው መንገዶችም አሉ። ጥገኝነት ለሚጠይቁና ጊዜያዊ ፈቃድ ላላቸው ወጣቶች በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ‹‹ሳንክቹዋሪ ስኮላርሺፕ›› የሚባል የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፤ ይህም ክፍያን የሚሸፍን፣ አንዳንዴም ለኑሮ የሚሆን ድጎማ የሚጨምር ነው። በለንደን አማርኛን በማስተማር የረጅም ዘመን ታሪክ ያለው ሶአስ፣ ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን እንዲሁም ‹‹ኮምፓስ›› በተሰኘው ፕሮጀክቱ በርክቤክ በዚህ ረገድ ይታወቃሉ። ቦታዎቹ ጥቂት በመሆናቸውና የማመልከቻ ጊዜያቸው ከመደበኛው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ ተማሪው ውጤቱን እስኪያገኝ ሳይጠብቅ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ የየዩኒቨርሲቲውን መስፈርት መከታተል ይኖርበታል። የሦስት ዓመቱ ነዋሪነት ጥቂት ወራት ብቻ የጎደለው ተማሪ ደግሞ ቦታውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩለት በመጠየቅ መስፈርቱን አሟልቶ ሊገባ ይችላል፤ ለአንድ ዓመት ሠርቶ መጠበቅ በውጭ ተማሪ ክፍያ ከመጀመር እጅግ ይሻላል።

ለጎልማሶችም በአካባቢው ያለው ዕድል ሰፊ ነው። ሰቨን ሲስተርስ አጠገብ በቶተንሃም ሃይ ሮድ ላይ የሚገኘውና ነዋሪዎች ‹‹ኮኔል›› እያሉ የሚጠሩት ኮሌጅ፣ አሁን የካፒታል ሲቲ ኮሌጅ አካል ሲሆን፣ ብዙ ስደተኞች እንግሊዝኛን የተማሩበት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃን በአገር ቤት ያጠናቀቀ ወይም ያቋረጠ ጎልማሳ ‹‹አክሰስ›› በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዲፕሎማ ማለፍ ይችላል፤ ለዚህ ኮርስ የተወሰደው ብድርም ተማሪው በኋላ በስቱደንት ፋይናንስ ብቁ የሆነ ዲግሪ ሲያጠናቅቅ ቀሪው ይሰረዝለታል። ነርስነትና አዋላጅነት ለሚማሩ ብቁ ተማሪዎች ከ2020 ጀምሮ በዓመት 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጎማ ስለሚሰጥ፣ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሙያው ለማደግ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

በተግባር ረገድ ደረጃውን የሚያስወስነው ወረቀት የክፍያ ደረጃ መጠይቅ የሚባለው ነው። መጠይቁ ተማሪው በሦስቱ ዓመታት የኖረባቸውን አድራሻዎች ከቀን እስከ ቀን፣ ከብሪታንያ የወጣባቸውን ጉዞዎች ከነምክንያታቸው፣ የፈቃዱን ዓይነትና የተሰጠበትን ዕለት፣ የወላጆቹንም ሁኔታ ይጠይቃል። ከመልሱ ጋር የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የሐኪም ቤት ምዝገባ፣ የወላጅ የካውንስል ታክስ ደረሰኝና የደመወዝ ወረቀት፣ የመውጫና የመግቢያ ማኅተም ያለበት ፓስፖርት ይቀርባሉ። ከ2025 ጀምሮ የቀድሞው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በኤሌክትሮኒክ ቪዛ ስለተተካ፣ ተማሪው ፈቃዱን የሚያረጋግጥለትን የማጋሪያ ቁጥር ከሆም ኦፊስ አካውንቱ ማውጣት መቻል አለበት። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር፣ አድራሻው በዘመድ ስም የሆነ ወይም ልጁ በአክስቱ ቤት የሚኖር ቤተሰብ እነዚህን ወረቀቶች በጊዜው በአንድ ማኅደር ካላስቀመጠ እውነተኛ ነዋሪነቱን እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ሁለት ውሳኔዎች መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። የክፍያውን ደረጃ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ሲሆን፣ ብድሩን የሚፈቅደው ስቱደንት ፋይናንስ ነው፤ አንዱ ‹‹አዎ›› ስላለ ሌላው ይስማማል ማለት አይደለም። ውሳኔው ስህተት ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ጠይቆ፣ ተጨማሪ ማስረጃ አያይዞ እንደገና እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ የብሪታንያ ምክር ቤት የሆነው ‹‹ዩኪሳ›› ስለ ክፍያ ደረጃ ዝርዝር ማብራሪያ ያዘጋጃል፤ የመኖሪያ ፈቃድን የሚመለከት ምክር ግን በሕግ ከተፈቀደለት አማካሪ ብቻ መወሰድ አለበት። በብሪታንያ ተወልዶ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት እዚያው የኖረ ልጅ ወላጆቹ ቋሚ ፈቃድ ባይኖራቸውም እንኳ በዜግነት የመመዝገብ መብት እንዳለው ብዙ ወላጆች አያውቁም፤ ይህን መብት በጊዜው ማስከበር የዩኒቨርሲቲን ጣጣ ከሥሩ ይፈታል።

በማጠቃለያ፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጉዳይ በመጨረሻው ዓመት የሚታሰብ የገንዘብ ጥያቄ ተደርጎ መወሰዱ ብዙ ቤተሰቦችን ጎድቷል። ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ልጁ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲሆን ነው፤ በዚያ ጊዜ ወላጅ የልጁን የፈቃድ ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን ማወቅ፣ የዜግነት መብት ያለው መሆን አለመሆኑን ማጣራት፣ የነዋሪነት ማስረጃዎችን ማኖር፣ ወደ አገር ቤት የሚደረግን ረጅም ጉዞ ከዚህ አንጻር መመዘን ይጠበቅበታል። ይህን ዕውቀት እያንዳንዱ ቤተሰብ ብቻውን፣ ያውም ከከሰረ በኋላ እንዲማረው መተው ግን ተገቢ አይደለም። የኮሚኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ዕድሮች ቀደም ብለው ያለፉበትን ተማሪዎች ከአዲሶቹ ጋር በየዓመቱ ቢያገናኙና ለአሥረኛና ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ትምህርት ቢሰጡ፣ በማስረጃ ጉድለትና ባለማወቅ ብቻ ከዩኒቨርሲቲ የሚቀር ልጅ አይኖርም። በሕጉ መስመር ምክንያት የሚቀሩትን በተመለከተ ደግሞ፣ የ2015ቱ ፍርድ እንዳሳየው ሕግ የሚሻሻለው ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ተደራጅተው ሲጠይቁ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶችም ለአካባቢያቸው የፓርላማ ተወካይ በመጻፍና ከሌሎች ማኅበረሰቦች ጋር በመቆም ይህን ጥያቄ የማቅረብ ሙሉ መብት አላቸው።